የጉድጓድ ፓምፕንና የውሃ ቧንቧን ከክረምት ጉዳት ስለ መጠበቅ



«ክረምት» የሚለው ቃል በየአገሩ አንድ ዓይነት ነገር አያመለክትም። ይህን የተረዳሁት ትምህርቴን በሰሜን አገር ፈጽሜ ወደ አሶሳ በመጣሁ ጊዜ ነው። በተማርሁበት አገር ክረምት ሲቃረብ ሰው ሁሉ የቤቱን የውሃ ቧንቧ በጨርቅና በሱፍ ይጠቀልላል፤ በጓሮ የሚገኘውን ፓምፕ ውሃውን አፍስሶ ባዶ ያደርገዋል። እኔም ይህንኑ ትምህርት ይዤ ስለ ክረምት ጥንቃቄ ለመናገር ስነሣ አንድ አረጋዊ መምህር ፈገግ ብለው፥ «ልጄ፥ እዚህ አገር በክረምት የሚሸፈነው ቧንቧው ሳይሆን የጉድጓዱ አፍ ነው» አሉኝ። ንግግራቸው እውነት ነበረ። የዚህ ወር ትምህርታችንም በዚሁ በአረጋዊው ቃል ላይ የተመሠረተ ነው።

ውርጭ ቧንቧን የሚሰብረው እንዴት ነው?

አብዛኛው ነገር ሲቀዘቅዝ ይኰማተራል። ውሃ ግን በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ በመቶ 9 ያህል ይጨምራል። ቧንቧ ውስጥ የታሰረው ውሃ ማበጫ ስፍራ ስለማያገኝ ብረቱን ሳይቀር ይሰነጥቀዋል። ጉዳቱ የሚታየው ግን በረዶው ሲቀልጥና ውሃው መፍሰስ ሲጀምር ነው።

በአገራችን ይህ አደጋ የሚያሰጋው በደጋውና በውርጩ ምድር ነው። ለምሳሌ 2,800 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን አካባቢ ውርጭ ይወርዳል። ነገር ግን የሚወርደው በክረምት ሳይሆን በበጋው፥ በተለይም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ነው። ምክንያቱም በክረምት ደመናው እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ የምድሩን ሙቀት ይይዛል፤ በበጋ ግን ሰማዩ ስለሚጠራ ሙቀቱ ሌሊቱን ሙሉ ሽቅብ ያመልጣል። በዚያ የሚኖር ሰው ከመሬት በላይ የወጣውን ቧንቧ በገለባና በጆንያ ይጠቅልል፤ ማታ መቆጣጠሪያውን ዘግቶ በተጋለጠው ክፍል ያለውን ውሃ ያፍስስ። ቧንቧው ከረጋም ለብ ባለ ውሃ በቀስታ ያሙቀው እንጂ እሳት አያስጠጋበት።

የአሶሳ ክረምት

አሶሳ 1,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ሞቃት ከተማ ስለሆነች ውርጭ አያሰጋትም። የእኛ አደጋ ዝናብና ጎርፍ ነው። በክልላችን፥ በጉባ ወረዳ፥ ሥራው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ይገኛል። ግድቡ የያዘውን ሰፊ ውሃ ያየ ሰው፥ ውሃ ለሞላበት ምድር ምን ጥንቃቄ ያስፈልገዋል ይል ይሆናል። ነገር ግን የውሃ መብዛትና የውሃ ንጽሕና ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እንዲያውም ውሃው የሚበዛበት ወራት የሚጠጣው ውሃ ይበልጥ የሚቆሽሽበት ወራት ነው። ጎርፍ በሜዳ የተጣለውን ዐይነ ምድር፥ የከብቱን እበትና የሞላውን መጸዳጃ ቤት አጥቦ ወደ ዝቅተኛው ስፍራ ይወስዳል። ጉድጓዱ በዚያ ካለና አፉ ካልተጠበቀ ሁሉም ወደ እንስራችን ይገባል። ኮሌራ፥ ተስቦና የሕፃናት ተቅማጥ የሚመጡት በዚሁ መንገድ ነው። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ተነሥቶ ወደ ብዙ የአገራችን ክፍሎች የተዛመተው ኮሌራ ይህ አደጋ ያለፈ ዘመን ታሪክ እንዳልሆነ አስተምሮናል።

አንድ ፓምፕ ያደረሰው ጥፋት

እ.ኤ.አ. በ1854 ዓ.ም. በለንደን ከተማ ብሮድ ስትሪት በሚባል መንገድ አጠገብ በድንገት ኮሌራ ተነሣ። ከ600 የሚበልጡ ሰዎች አለቁ። ዶክተር ጆን ስኖው የሞቱትን ሰዎች ቤት በካርታ ላይ ቢያመለክት፥ ሞቱ በአንድ የእጅ ፓምፕ ዙሪያ ተሰብስቦ ተገኘ። የፓምፑም እጀታ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ሴፕቴምበር 8 ቀን ተነቀለ። ኋላ ጉድጓዱ ሲመረመር ከአንድ ሜትር በሚያንስ ርቀት የፈራረሰ የእዳሪ ጉድጓድ ተገኘ። አስተውሉ፤ የዚያ ፓምፕ ውሃ ለዐይን የጠራ ነበረ፤ ጣዕሙን ወደው ከሩቅ የሚያስመጡት ሰዎችም ነበሩ። እንግዲህ ጥራትን በዐይንና በምላስ መመስከር አይቻልም።

እኔ የተሳሳትሁት ስሕተት

አንድ ክረምት ወደ አንድ ትምህርት ቤት ተጠራሁ። ከልጆቹ ብዙዎቹ በተቅማጥ ከትምህርት ቀርተው ነበር። በግቢው ያለው ፓምፕ ዙሪያ የሲሚንቶው ንጣፍ ተሰንጥቆ፥ በስንጥቁ ላይ ውሃ ተኝቶ አየሁ። እኔም ቸኩዬ ጉድጓዱን በክሎሪን አከምሁና ሥራዬን የፈጸምሁ መስሎኝ ተመለስሁ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ዝናቡ ጠንክሮ በሽታው ተመለሰ፤ አንዲት ትንሽ ልጅም ሰውነቷ ደርቆ በጭንቅ ተረፈች። የአባቷን ፊት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ክሎሪን የገባውን ተሕዋስ ይገድላል እንጂ ነገ የሚገባውን አይከለክልም። ስለዚህ የሥራው ቅደም ተከተል «መጀመሪያ መጠገን፥ ቀጥሎ ማከም» ነው።

ከዝናቡ በፊት የሚሠራ ሥራ

1. በጉድጓዱ ዙሪያ ያለውን የሲሚንቶ ንጣፍ መርምሩ፤ ስንጥቁን ጠርጋችሁ በሲሚንቶ ድፈኑ። የጉድጓዱ አፍ ከመሬት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል፤ ክዳኑም የሚገጥም ይሁን።

2. የፓምፑን እግር የሚያስሩትን ብሎኖች አጥብቁ። ፓምፑ ሲነቃነቅ ሲሚንቶው ይሰነጠቃል።

3. የፈሰሰውን ውሃ አርቆ የሚወስድ ቦይ ሥሩ። ከላይ በኩል ደግሞ የሚመጣውን ጎርፍ የሚመልስ ሌላ ቦይ ቆፍሩ።

4. ከብት እንዳይገባ ዙሪያውን እጠሩ፤ በአገራችን የሞላው ቀርከሃ ለዚህ ይበቃል።

5. መጸዳጃ ቤት ከጉድጓዱ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ፤ ከጉድጓዱም በታች እንጂ በላይ አይሁን።

6. በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ጎርፍ ከማይደርስበት መደብ ላይ ይቀመጥ፤ መብረቅ ሲያስፈራ ከመስመሩ ይነቀል። እርጥብ ሆኖ ሳለ ማንም አይንካው።

የክሎሪን ሒሳብ

ይህ ክፍል ለከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች መልካም የሒሳብ ልምምድ ይሆናል። የጉድጓዱ ስፋት ከጫፍ እስከ ጫፍ 1 ሜትር፥ የውሃው ጥልቀት 3 ሜትር ቢሆን የውሃው መጠን 3.14 × 0.5 × 0.5 × 3 = 2.355 ሜትር ኩብ፥ ማለት 2,355 ሊትር ነው። ጉድጓድ ለማከም ለአንድ ሊትር 50 ሚሊ ግራም ክሎሪን እንመድባለን፤ ጠቅላላው 118 ግራም ያህል ይሆናል። በመቶ 5 ክሎሪን ያለው በረኪና በአንድ ሊትር 50 ግራም ገደማ ስለሚይዝ 2.4 ሊትር ያህል ያስፈልጋል። በረኪናው ሽቶ የሌለበትና ጊዜው ያላለፈበት ይሁን፤ ከሌላ የጽዳት መድኃኒት ጋር ከቶ አይቀላቀል፥ መርዘኛ ጋዝ ያወጣልና።

በረኪናውን በባልዲ ውሃ በጥብጣችሁ በክዳኑ በኩል አፍስሱ፤ የክሎሪን ሽታ ከፓምፑ አፍ እስኪወጣ ድረስ ምቱ። ከዚያ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ማንም ሳይቀዳ ይቆይ። በመጨረሻም ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ቀድታችሁ ዓሣ ካለበት ወንዝ ርቃችሁ ድፉ። ወደ ጉድጓድ መውረድ አየሩ ሊገድል ስለሚችል ለሠለጠነ ሰው ብቻ የተተወ ነው።

ስለ ቧንቧ

በቧንቧ የሚመጣ ውሃ በየጊዜው የሚቋረጥ ከሆነ ልዩ አደጋ አለው። ውሃው ሲገፋ በስንጥቁ በኩል ወደ ውጭ ይፈስሳል፤ ግፊቱ ሲጠፋ ግን በጭቃ ውስጥ የተኛውን ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ተቋርጦ የመጣውን የመጀመሪያ ውሃ ለመጠጥ አትቅዱ፤ የሚያፈስስ መገጣጠሚያ ስታዩም ለውሃ አገልግሎት ፈጥናችሁ አስታውቁ። የላስቲክ ቧንቧ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ በበጋ ሣር ሲቃጠልም ይቀልጣል። ስለዚህ ከመሬት በታች ይቀበር።

ፓምፑና ቧንቧው እስኪጠገኑ ድረስ የሚጠጣው ውሃ ገንፍሎ ቢያንስ 1 ደቂቃ ይቆይ፤ ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ በዕቃው ላይ በተጻፈው መጠን ታክሞ 30 ደቂቃ ይጠበቅ። ከዚያም አፉ ጠባብ በሆነ፥ ክዳን ባለው ዕቃ ይቀመጥ።

ለክፍል የሚሆኑ ጥያቄዎች

ሀ. ውርጭ በክረምት ሳይሆን በበጋ የሚወርደው ስለ ምንድን ነው?

ለ. የሰፈራችሁን ፓምፕ ጎብኙ፤ መጸዳጃ ቤቱ ስንት ሜትር ይርቃል? ከላይ ነው ወይስ ከታች?

ሐ. የጉድጓዱ ውሃ 4 ሜትር ጥልቀት ቢኖረው ስንት በረኪና ያስፈልጋል?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ይላል የአገራችን ሰው። ለአንድ ስንጥቅ አንድ አካፋ ሲሚንቶ የሚበቃው ሰማዩ ሳይጠቁር ነው።