አንድ ምርመራ፣ ሁለት ውጤት፦ ጥንዶችና ኤች.አይ.ቪ

ለሁለት ዓመታት በፍቅር የቆዩ ወጣቶች ከጋብቻ በፊት የኤች.አይ.ቪ ምርመራ ለማድረግ አብረው ወደ ጤና ጣቢያ ሄዱ እንበል። በእሱ ደም ውስጥ ቫይረሱ መኖሩ ሲረጋገጥ እሷ ግን ነጻ ሆና ተገኘች። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለት የችኮላ ፍርዶች ይሰነዘራሉ፤ አንደኛው «ከጀርባዬ ሌላ ሰው ይዟል» የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው «ከእንግዲህ አብሮ መኖር አይቻልም» የሚል ነው። የምርመራው ውጤት ግን ለሁለቱም ፍርዶች ማስረጃ አይሆንም።

ከጣት በሚወሰድ ደም የሚደረገው የተለመደው ፈጣን ምርመራ የሚፈልገው ቫይረሱን ራሱን ሳይሆን ሰውነት የሚያመርታቸውን ፀረ እንግዳ አካላት ነው። እነዚህ በምርመራ እስኪታዩ ድረስ ከጥቂት ሳምንታት እስከ 3 ወር ሊወስድ ይችላል፤ ይህም «የመስኮት ወቅት» ይባላል። ስለዚህ እሷ ለመጨረሻ ጊዜ ከተጋለጠችበት ቀን 3 ወር ሲሞላ እንደገና መመርመር ይኖርባታል። የእሱ ውጤት ደግሞ ቫይረሱ መኖሩን እንጂ መቼና ከማን እንደ ተላለፈ አይናገርም። ቫይረሱ ያለ ጉልህ ምልክት ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ከመተዋወቃቸው በፊት የተላለፈ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ እሷ እንዴት ነጻ ሆነች? ሕክምና ካልጀመረ ወንድ ወደ ሴት፣ ያለ ኮንዶም በሚደረግ አንድ የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ ቫይረሱ የሚተላለፍበት አማካይ ዕድል ከ10,000 ውስጥ 8 ገደማ እንደሆነ ይገመታል። ያለመተላለፍ ዕድሉ 0.9992 ነው ማለት ነው። ይህን ቁጥር 100 ጊዜ በራሱ ብናባዛው 0.92 ገደማ እናገኛለን። እንግዲህ ከ100 ግንኙነት በኋላ የመተላለፍ ዕድሉ ወደ 8 በመቶ ይደርሳል። ስሌቱ የውጤቱን መለያየት ያስረዳል እንጂ መተማመኛ አይሆንም፤ በቅርቡ የተያዘ ሰው ወይም የአባላዘር ቁስል ሲኖር ዕድሉ እጅግ ከፍ ይላልና።

ሁለተኛውን ፍርድ የሚሽረው ሕክምናው ነው። ፀረ ኤች.አይ.ቪ መድኃኒቶች ቫይረሱ ለመባዛት የሚያስፈልጉትን ኢንዛይሞች ሥራ ያግዳሉ። በ9 አገሮች 1,763 ጥንዶችን ያሳተፈና እ.ኤ.አ. በ2011 ውጤቱ ይፋ የሆነ ጥናት፣ ሕክምናን ቶሎ መጀመር ቫይረሱ ወደ ተጓዳኝ የሚተላለፍበትን ዕድል በ96 በመቶ እንደሚቀንስ አሳየ። በአውሮፓ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ሌላ ጥናት ደግሞ 888 ጥንዶችን ተከታተለ። ቫይረሱ ያለባቸው ተጓዳኞች መድኃኒት ወስደው የቫይረሱ መጠን በደማቸው እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር። ያለ ኮንዶም ከተደረጉ 58,000 ያህል ግንኙነቶች ውስጥ ከተጓዳኝ ወደ ተጓዳኝ የተላለፈ ቫይረስ አልተገኘም። በጥናቱ ጊዜ 11 ሰዎች ቢያዙም፣ የዘረመል ምርመራው ቫይረሱ የመጣው ከሌላ ሰው መሆኑን አረጋገጠ።

ስለሆነም እሱ ሳይዘገይ ሕክምና ይጀምር፤ መድኃኒቱንም ሳያቋርጥ ይውሰድ። የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ እስኪሆን ድረስ፣ ይህም እስከ 6 ወር ሊወስድ ይችላል፣ ኮንዶም መጠቀም ወይም እሷ በሐኪም ምክር የቅድመ መከላከያ መድኃኒት መውሰድ ይገባቸዋል። ኮንዶም ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችንና ያልታሰበ እርግዝናንም ለመከላከል ይጠቅማል። አብሮ የመቀጠሉ ውሳኔ ግን የሁለቱ ነው፤ ማንም ማንንም ሊያስገድድ አይገባም። በእውቀት ላይ የተመሠረተ ውሳኔ፣ መቀጠልም ሆነ መለያየት፣ በጥርጣሬ ከተሰጠ ፍርድ ይሻላል።