ማርሚታ ሲበየድ ጅረቱ በየት በኩል ይመለሳል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው አውራ ጎዳና የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ በሆነችው በከሚሴ መካከል ያልፋል። ከጎዳናው ወደ ገጠር ቀበሌዎች በሚያስገቡት ጠባብና ጠጠራማ መንገዶች ሰውንም ሆነ ዕቃን ከሚያመላልሱት ተሽከርካሪዎች መካከል ባጃጅና ሞተር ሳይክል ይገኙበታል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሁለት ተማሪዎቻችን ጋር ወደ ደሴ ስንጓዝ በዚያች ከተማ አንድ ሌሊት አድረን ነበር። ካደርንበት ቤት አጠገብ፣ የብረት በርና መስኮት እየሠራ የሚተዳደር አንድ በያጅ በግቢው ውስጥ የአንድን ወጣት ሞተር ሳይክል የጭስ ማውጫ፣ በጋራዥ ቋንቋ ማርሚታውን፣ ሳያወልቅ እዚያው እንዳለ በይዶለት ነበር። ብየዳው ያማረ ነው። ሞተር ሳይክሉ ግን ቢረገጥ፣ ቢገፋ አልነሣም አለ። የፊት መብራቱም አይበራም፤ ከመቀመጫው ሥር የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል።

ወጣቱ በማግስቱ ጠዋት የሚያመላልሳቸው ደንበኞች ነበሩት። ሞተር ሳይክሉ የተገዛው አባቱ ሁለት በሬ ሸጠው መሆኑን በኋላ ነገረን። «ቁልፉን አጥፍቼ ነበር እኮ ጋሼ፤ ምን ነካው?» አለን። በያጁም በበኩሉ፣ «ኮረንቲ እኮ አጭሩን መንገድ ነው የሚሄደው። እኔ የበየድኩት ታች፣ ሽቦው ያለው ላይ» ሲል መለሰ። ይህን አባባል ከየት እንዳገኘው ብንጠይቀው ከትምህርት ቤት መሆኑን ነገረን። የፊዚክስ መምህራን መሆናችንን ለመናገር ጥቂት ያፈርነው በዚህ ጊዜ ነው፤ እኛም በክፍል ውስጥ ለማሳጠር ስንል ይህንኑ የምንልበት ጊዜ አለና።

እውነቱ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ጅረት መንገድ አይመርጥም፤ በተከፈቱለት መንገዶች ሁሉ በአንድ ጊዜ ይሄዳል። ልዩነቱ በድርሻው ላይ ነው። ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ጅረትን የመቋቋም መጠኑ፣ አነስተኛ በሆነው መንገድ ብዙ፣ ከፍተኛ በሆነው መንገድ ጥቂት ያልፋል። የመንገዱ ርዝመት የሬዚስታንሱ አንዱ ምክንያት እንጂ ብቸኛው አይደለም።

ወደ ብየዳው ከመግባታችን በፊት ግን ማርሚታው ለምን እንደሚበሳ ጥቂት እንበል። ብዙ ሰው ዝገቱን በዝናብና በጭቃ ያሳብባል። አብዛኛው ጉዳት ግን የሚመጣው ከውስጥ ነው። ቤንዚን የካርቦንና የሃይድሮጅን ውህዶች ድብልቅ ነው። ከእነዚህ አንዱ የሆነውን ኦክቴንን ብንወስድ፣ 114 ግራሙ ሲቃጠል 162 ግራም ውሃ ይሰጣል። በዚህ ስሌት አንድ ሊትር ቤንዚን ያቃጠለ ሞተር በጭስ ማውጫው በኩል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በተን መልክ ያስወጣል ማለት ነው! ቱቦው በሚገባ ሲግል ተኑ ወጥቶ ይሄዳል። የቱቦው ግድግዳ ከ50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በታች ሲሆን ግን ተኑ ወደ ውሃነት ይመለሳል፤ በጭሱ ውስጥ ካሉ ጋዞች ጋርም አሲድነት ያለው ፈሳሽ ይሆንና በማርሚታው ሆድ ውስጥ ይተኛል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ በከተማ ውስጥ አጫጭር ጉዞ እያደረገ የሚቆም ሞተር ሳይክል፣ ረጅም መንገድ ከሚሄደው ይልቅ ማርሚታው ቶሎ ይበላል።

የጅረቱ ዑደት

የኤሌክትሪክ ቅስትን ብረት ለማያያዝ የመጠቀም ዘዴ አዲስ አይደለም። ኒኮላይ ቤናርዶስና ስታኒስላቭ ኦልሼቭስኪ የካርቦን ዘንግ የሚጠቀም የብየዳ ዘዴ የፈጠራ መብት ያገኙት እ.ኤ.አ. በ1885 ነው። ዛሬ በየግቢው የምናየው ልባስ ያለው ኤሌክትሮድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1904 ኢሳብ የተባለውን ኩባንያ የመሠረተው የስዊድናዊው ኦስካር ሼልበርግ ሥራ ነው። ዘዴው ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢሻሻልም አንድ ነገር አልተለወጠም፤ ከማሽኑ የወጣው ጅረት በሙሉ ወደ ማሽኑ መመለስ አለበት። በኤሌክትሮዱ ገመድ 80 አምፔር ከሄደ፣ በመቆንጠጫው ገመድ 80 አምፔር ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ብረት ሁሉ የመመለሻው መንገድ አካል ነው። እንግዲህ ዋናው ጥያቄ ኤሌክትሮዱ የት ነካ የሚለው ሳይሆን መቆንጠጫው የት ታሰረ የሚለው ነው።

የከሚሴው በያጅ መቆንጠጫውን ያሰረው በመሪው ላይ ነበር። ምክንያቱ የሚገባ ነው፤ መሪው ቀለም ያልተቀባ፣ የሚያብለጨልጭ ብረት ስለሆነ ቅስቱን ለማስነሣት ያመቻል። ነገር ግን በማርሚታውና በመሪው መካከል ጅረቱ ሁለት መንገድ አግኝቷል። አንደኛው ሻንሲውንና የመሪውን መያዣ አልፎ የሚሄደው የብረት መንገድ ነው። ሁለተኛው በመሪው ላይ ካሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ተነሥቶ ከሻንሲው ጋር የሚገናኘው ቀጭን የግራውንድ ሽቦ ነው።

ለምሳሌ ያህል ሽቦው የመዳብ፣ ርዝመቱ 1.5 ሜትር፣ ስፋቱ 0.75 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን። ሬዚስታንሱ 0.034 ኦም ገደማ ይሆናል። የብረቱ መንገድ በመገጣጠሚያው ላይ ንጹሕና የጠበቀ ከሆነ፣ ሬዚስታንሱን 0.001 ኦም ብንለው፣ ከ80 አምፔሩ በሽቦው የሚያልፈው ከ2 አምፔር ጥቂት የሚበልጥ ብቻ ነው፤ ጉዳት የለውም። አሁን ደግሞ መገጣጠሚያው ዝጎ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም ደረሰ እንበል። የሽቦው ድርሻ ወደ 60 አምፔር ያሻቅባል! ለ10 አምፔር ያህል የታሰበ ሽቦ ስድስት እጥፍ ጅረት ተሸከመ ማለት ነው። በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት ግን ከጅረቱ ስኩዌር ጋር ስለሚያድግ ስድስት እጥፍ ሳይሆን ሠላሳ ስድስት እጥፍ ይሆናል፤ ከ3.4 ዋት ወደ 120 ዋት ገደማ። የሽቦው ልባስ ይቀልጣል። ሽቦው ደግሞ ብቻውን አይሄድም፤ ከሌሎች ሽቦዎች ጋር በአንድ ጥቅል ታስሯል። የእርሱ ልባስ ሲቀልጥ የጎረቤቶቹም ይቀልጣል፤ እርስ በርሳቸው ይነካካሉ። ከመቀመጫው ሥር የሸተተን ይኸው ነበር።

መቆንጠጫው በኋላ እግር ዘንግ ላይ ቢታሰር ደግሞ ጅረቱ በኩሽኔታው ያልፋል። በኩሽኔታ ውስጥ ኳሶቹና ቀለበቱ የሚነካኩት በጣም ጠባብ በሆኑ ነጥቦች ሲሆን በመካከላቸውም ግራሶ አለ። ጅረቱ በእነዚያ ነጥቦች ላይ ጥቃቅን ብልጭታ እየፈጠረ ለስላሳውን ገጽ ይነቁረዋል። ይህ ጉዳት በዕለቱ አይታይም፤ ከጊዜ በኋላ እግሩ መጮኽ ሲጀምር ብየዳውን የሚያስታውሰው ሰው አይኖርም።

ቁልፍ ማጥፋት ለምን አልበቃም?

የሞተር ሳይክል ቁልፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚቆርጠው ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣውን መስመር ነው። የባትሪው ኔጋቲቭ፣ ካንዴላውን የሚያቀጣጥለው ሲዲአይ የተባለው ዕቃና የቻርጅ መቆጣጠሪያው ሬጉሌተር በግራውንድ በኩል ከሻንሲው ጋር እንደተያያዙ ናቸው። የብየዳው ጅረት የሚመጣው በሻንሲው በኩል ስለሆነ ቁልፉ ጠፋም በራም ለእርሱ ልዩነት የለውም።

ሌላም ነገር አለ። ባለ ትራንስፎርመር የብየዳ ማሽን ቅስቱ ሳይነሣ በፊት በጫፎቹ መካከል ለምሳሌ 60 ቮልት ቢኖረው፣ ተለዋዋጭ ጅረት በመሆኑ ጣሪያው 85 ቮልት ገደማ ይደርሳል። ቅስቱ ድንገት ሲቋረጥ ደግሞ የረጃጅሞቹ ገመዶች ኢንዳክታንስ ጅረቱ እንዳይቆም ይታገላል። ኢንዳክታንሱ 10 ማይክሮሄንሪ ቢሆንና 80 አምፔሩ በ10 ማይክሮሴኮንድ ውስጥ ቢጠፋ 80 ቮልት ይፈጠራል፤ መቋረጡ ከዚህ ከፈጠነ ቮልቴጁ በዚያው ልክ ይጨምራል። ለ12 ቮልት ሥርዓት የተሠሩ ትራንዚስተሮችና ዳዮዶች እንዲህ ያለውን ምት ሁሉ ይችላሉ ብሎ መተማመን አይቻልም። ኢንጀክሽን ያላቸው አዳዲሶቹ ሞተር ሳይክሎች ኮምፒዩተር ስላላቸው ኪሳራው የባሰ ነው።

በኤሌክትሪክ ምሰሶ ሽቦ ላይ የምታርፍን ርግብ እናስብ። ሁለት እግሮቿ ያረፉት ቮልቴጃቸው እኩል ሊባል በሚችል ሁለት ነጥቦች ላይ ስለሆነ ምንም አትሆንም። መቆንጠጫው በራሱ በማርሚታው ላይ፣ ከሚበየደው ቦታ ጥቂት ጣት ርቆ ሲታሰርም የቀረው ሞተር ሳይክል እንደ ርግቧ ይሆናል፤ ጅረቱ ከቱቦው ገብቶ ከቱቦው ይወጣል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ማርሚታውን ማውለቅ ነው። በብዙዎቹ አነስተኛ ሞተር ሳይክሎች ላይ የሚይዙት በሲሊንደሩ ራስ ያሉ ሁለት ዳዶዎችና ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ብሎን ናቸው። የተፈታ ቱቦ ከሽቦም ከባትሪም ጋር ግንኙነት የለውም። ከቤንዚንም ይርቃል፤ ይህ ደግሞ ከሲዲአይ የሚበልጥ ጉዳይ ነው። የቤንዚን ተን ከአየር ስለሚከብድ ወደ መሬት ወርዶ ይጠራቀማል፤ ቤንዚን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ እንኳ የሚቀጣጠል ተን ስለሚሰጥ በከሚሴ ሙቀትማ ምን ያህል እንደሚተን መገመት አያስቸግርም። ዳዶው በዝገት ተጣብቆ ማውለቁ የማይቻል ከሆነ በመጀመሪያ የቤንዚን ማጠራቀሚያው ወርዶ ይራቅ። ቀጥሎ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፤ ፖዘቲቩ የሚፈታው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኔጋቲቩ እንደታሰረ ፖዘቲቩን የሚፈታው መፍቻ ሻንሲውን ከነካ ባትሪው በመፍቻው በኩል አጭር ዑደት ይሠራል። የሲዲአይና የሬጉሌተር ሶኬቶችም ይነቀሉ፤ ባትሪው መፈታቱ ብቻ እነርሱን ከሻንሲው አይለያቸውምና።

በቤት ውስጥ ለሚበይዱ ስለ ግድግዳው ሶኬትም አንድ ስሌት እንጨምር። ማሽኑ 220 ቮልትን ወደ 60 የሚያወርድ ከሆነ፣ በኤሌክትሮዱ 80 አምፔር ሲሄድ ከቤቱ መስመር 22 አምፔር ገደማ ይስባል። ለ16 አምፔር የተዘረጋ የሶኬት መስመር ይህን ለረጅም ጊዜ አይችልም፤ የተጠቀለለ ማስረዘሚያ ገመድ ከሆነ ደግሞ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። ከምሰሶው እስከ ቤቱ ያለው መስመር በድምሩ 1 ኦም ቢሆን፣ 22 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ በዚያው መስመር ላይ የተሰቀለ የጎረቤት ባለ ክር አምፖልም ኃይሉ ወደ 81 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በያጅ ያለበት ሰፈር ነዋሪ ይህን ያለ ስሌትም ያውቀዋል።

የራሱን ሞተር ሳይክል መገጣጠሚያዎች መመርመር የሚፈልግ ተማሪ ተራ ሙልቲሜትር በኦም መለኪያው አይጠቀም፤ የመለኪያው ገመዶች ሬዚስታንስ ብቻውን ሊለካ ከተፈለገው ይበልጣል። ይልቁንም ባትሪውን ከሞተር ሳይክሉ ሁለቱንም ጫፍ ይፍታ። ከፖዘቲቩ በአንድ የ35 ዋት የፊት መብራት አምፖል በኩል ወደ መሪው፣ ከሻንሲው ደግሞ ወደ ኔጋቲቩ ሽቦ ይዘርጋ። አምፖሉ ሲበራ በመስመሩ 3 አምፔር ያህል ያልፋል። ሙልቲሜትሩን በሚሊቮልት አድርጎ በመሪውና በሻንሲው ባዶ ብረት ላይ ቢያኖር፣ እያንዳንዱ 3 ሚሊቮልት ለ0.001 ኦም ይቆማል።

እኛም ይህንኑ በዚያ ግቢ ሞከርነው። የግራውንድ ሽቦው ተቃጥሎ ተበጥሶ ስለነበር የለካነው የብረቱን መንገድ ብቻ ነው፤ 270 ሚሊቮልት አነበብን። በያጁ የመሪውን መያዣ ፈታ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገና መልሶ አጠበቀው። ከዚያ በኋላ ንባቡ 6 ሚሊቮልት ሆነ። ወጣቱ ሲዲአይ ፍለጋ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄድ መኪና ሊጠይቅ ሲወጣ፣ በያጁ አምፖሉንና ሽቦዎቹን ይዞ ቀጣዩን ሞተር ሳይክል መለካት ጀምሮ ነበር።