ቀን የት ትውላለች? ስለ አሸዋ ዝንብ ጠባይ የተሰጠ ትምህርት

ስለ ካላዛር ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚወራው ስለ መድኃኒቱና ስለ ምርመራው ነው። ልክ ነው፤ ሳይታከም የቀረ ካላዛር ሰውን ከመግደል የሚመለስ በሽታ አይደለም። እኛ ግን ዛሬ በሽታውን ከምታስተላልፈው ከአሸዋ ዝንብ እንጀምራለን። ለምን ቢሉ፥ ማን፣ የት፣ በየትኛው ወር እንደሚያዝ የሚወስነው የእሷ ጠባይ ስለሆነ ነው።

የአሸዋ ዝንብ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ብቻ ናት፤ የወባ ትንኝን ሲሶ ብታህል ነው። ሰውነቷ ጸጉራም፣ መልኳ ወደ ገለባ ያደላ ነው። ስታርፍ ክንፎቿን በጀርባዋ ላይ አትደርብም፤ ወደ ላይ አንሥታ ከፈት ታደርጋቸዋለች። ግድግዳ ላይ ያረፈችውን በጣት ብትነኳት ርቃ አትበርም፤ ዘለል ዘለል ብላ እዚያው አጠገብ ታርፋለች። ድምፅ የላትም። ትንኝ ጆሮ ሥር ስትጮህ ሰው ይነቃል፣ ያባርራል፤ ይህችኛዋ ግን ነክሳ ስትሄድ የሚያውቅባት ጥቂት ነው። በረራዋም ደካማ ነው። ነፋስ ሲኖር አትወጣም፤ ካረፈችበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቂት መቶ ሜትሮች በላይ አትርቅም። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ዝንቧ ሩቅ ካልሄደች፣ የተነከሰው ሰው ራሱ መኖሪያዋ ድረስ ሄዶላታል ማለት ነው።

ወባን የለመደ ባለሙያ መጀመሪያ የሚጠይቀው ኩሬ የት አለ ብሎ ነው። ለዚህች አይሠራም። እንቁላሏን የምትጥለው ውኃ ላይ ሳይሆን ጨለማና እርጥበት ባለበት፣ የበሰበሰ ቅጠል ወይም ፍግ በተቀላቀለበት አፈር ውስጥ ነው። እጮቹ ያንን ብስባሽ እየበሉ ያድጋሉ፤ ክንፍ እስኪያወጡ እንደ ሙቀቱ አንድ ወር፣ ከዚያም በላይ ይወስድባቸዋል። ብዙ አፈር አበጥሮ ጥቂት እጭ ያገኘ ተመራማሪ ራሱን እንደ ዕድለኛ ይቆጥራል። ስለዚህ መራቢያዋን ደፍኖ መገላገል የሚባል ነገር እዚህ የለም።

አሁን ወደ አፏ እንምጣ። ወንዱም ሴቷም ለኑሯቸው የዕፅዋት ጣፋጭ ፈሳሽ ይመገባሉ፤ ደም የምትሻው ሴቷ ብቻ ናት፣ እሱም ለእንቁላሏ ነው። የትንኝ አፍ ረጅምና ቀጭን ስለሆነ እንደ መርፌ የደም ሥር ፈልጎ ይገባል። የአሸዋ ዝንብ አፍ አጭር ነው፤ ቆዳውን ትቆርጣለች፣ ቀጫጭኖቹን የደም ሥሮች ትበጥሳለች፣ ከዚያ ቁስሉ ውስጥ የተጠራቀመውን ደም ትመጥጣለች። ደሙ የታመመ ሰው ወይም እንስሳ ደም ከሆነ ሌሽማንያ የተባሉትን ጥገኛ ተሕዋስያን አብራ ትወስዳለች። ተሕዋስያኑ አንጀቷ ውስጥ ጅራት አውጥተው ይባዛሉ፤ ወደ ሰው ለመተላለፍ የሚደርሱት ከአንድ ሳምንት ገደማ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። የደረሱት ተሕዋስያን ወደ ፊት መጥተው ራሳቸው በሚያመነጩት ዝልግልግ ነገር የአንጀቷን መግቢያ ይደፍኑታል፤ መግቢያውን የሚከፍተውንና የሚዘጋውንም ክዳን ያበላሹታል። ጉሮሮዋ የታነቀባት ዝንብ ደም መሳብ ያቅታታል። ትነክሳለች፣ ትተዋለች፣ ፈንጠር ብላ እንደገና ትነክሳለች፤ በየሙከራው ያነቃትን ነገር ከነተሕዋስያኑ ቁስሉ ላይ ታስመልሰዋለች። ተሕዋሱ ዝንቧን በረኃብ እያሰቃየ ለራሱ መንገድ ያበጃል። እኔን በዚህ ትምህርት ውስጥ ከዚህ የበለጠ የሚያስደንቀኝ የለም።

ይህን በሰው ላይ ለማረጋገጥም ረጅም ዘመን ፈጅቷል። ሌሽማንና ዶኖቫን የተባሉ ሐኪሞች ተሕዋሱን ያሳወቁት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1903 ነው፤ በዝንብ ንክሻ እንደሚተላለፍ በፈቃደኞች ላይ የታየው ግን በ1942 ነው፣ ሕንድ ውስጥ። ምን አዘገየው ቢሉ፥ በቤተ ሙከራ ዝንቦቹን የሚመግቧቸው ደም ብቻ ነበር። ከደሙ በኋላ ዘቢብ ሲሰጧቸው ግን ተሕዋስያኑ በረከቱ፣ መግቢያውን ደፈኑ፣ ንክሻውም አስተላላፊ ሆነ። ቁጥቋጦና አበባ ያለበት መስክ እንግዲህ ለዝንቧ መደበቂያ ብቻ አይደለም፤ የበሽታውም ስንቅ ነው።

ታዲያ ቀን የት ትውላለች? ፀሐይና ድርቀት ቶሎ ይገድሏታል፤ ቀዝቀዝ ያለ፣ የጨለመ፣ እርጥበት ያልራቀው ጉድጓድ ግድ ይላታል። በመተማ፣ በሁመራና በአርማጭሆ ቆላ ያንን የሚሰጣት ዋልካ አፈር ነው። ዋልካ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ እግር ይይዛል። በበጋ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ክንድ የሚያስገባ ክፍተት ያወጣል። ላዩ ሲግል ውስጡ ሌላ አገር ነው። ፍሌቦቶመስ ኦሬንታሊስ የምትባለው የአካባቢው ዝንብ፣ በተለይ ግራር በበቀለበት ዋልካ፣ ቀኑን እዚያ ውስጥ ታሳልፋለች። ማየት የሚፈልግ ሰው ወረቀት ዘይት ቀብቶ ስንጥቁ አፍ ላይ ያሳድር፤ የዚያው አገር የሰሊጥ ዘይት ይበቃዋል። ጠዋት ከሚጣበቁት ነፍሳት መካከል ክንፏን ከፍታ የቀረችውን ይለያታል።

ወራቱንም ከአፈሩ ማንበብ ይቻላል። ዝናቡ ሲጠና ስንጥቆቹ ይዘጋሉ፣ ዝንቧም ትመናመናለች። በበጋ ቀስ በቀስ በዝታ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ጫፍ ላይ ትደርሳለች። እዚህ ጋ አንድ ጠያቂ ሊነሣ ይችላል፤ የሰሊጥ አረም በሐምሌና በነሐሴ፣ አጨዳው በመስከረምና በጥቅምት ከሆነ ለእርሻ ሥራ ወደ ቆላ የሚወርደው ሠራተኛ የት ያገኛታል ይላል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ቀድሞ የመጣውና ዘግይቶ የቀረው ላይ ነው። መሬት ሊመነጥር በግንቦት የወረደው የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ከእሷ ጋር ይጋራል፤ ማሽላ ሊያጭድ በኅዳርና በታኅሣሥ የቆየው ደግሞ መጀመሪያዋን ያገኛል። ከደጋ የመጣ፣ በሽታውን ሰውነቱ የማያውቀው ወጣት የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፎ ግራር ሥር ሲተኛ በእሷ ደጃፍ ላይ ነው የተኛው። እርግጥ ሆዷ ውስጥ የሚገኘው ደም ሲመረመር የከብት ይበዛል። ይህ ግን ሰውን አያድነውም፤ ከብት ባደረበት እረኛም ያድራል።

ሌሎቹን ዝንቦች ባጭሩ እንለፋቸው። በደቡብ፣ በሰገንና በኦሞ ሸለቆዎች፣ ካላዛር የምታስተላልፈው ፍሌቦቶመስ ማርቲኒ ናት፤ እሷ ኩይሳ ውስጥ ትውላለች። በደጋው ደግሞ ቁንጭር የሚባለው የቆዳ ሌሽማንያ አለ፤ የማይገድል፣ ግን ፊት ላይ ጠባሳ የሚተው። የቁንጭር ዝንቦች ገደልና ዋሻ ይወዳሉ። እዚያው ዐለት ውስጥ ሽኮኮ ይኖራል፤ ተሕዋሱን ተሸክሞ የሚያቆየው እሱ ነው። የጋሞዋ ኦቾሎና የወሎው ኩታበር በዚህ የታወቁት ቤቱ፣ ዐለቱና ሽኮኮው የተጎራበቱባቸው ቦታዎች ስለሆኑ ነው።

ጠባዩን ሳያዩ የሌላ አገር መፍትሔ መቅዳት አይሆንም። በሕንዷ ቢሃር ያለችው ዝንብ የጭቃ ቤት ግድግዳና የከብት ጋጣ ውስጥ ታርፋለች። ስለዚህ በ1950ዎቹ ለወባ የተረጨው ዲዲቲ ካላዛርንም አብሮ ጠራርጎት ነበር፤ ርጭቱ ሲቆም በ1970ዎቹ ተመለሰ። ተመሳሳይ ዝንብ ያለባት ጎረቤቷ ባንግላዴሽም በ2023 ካላዛርን የሕዝብ ጤና ችግር ከመሆን ማውጣቷን የዓለም ጤና ድርጅት አረጋግጦላታል። የእኛይቱ ቆላ ዝንብ ግን ውጭ ነክሳ ውጭ ታርፋለች፤ የቤት ግድግዳ ብትረጩ ብዙም አታገኟትም። አጎበርስ? ተራ አጎበር ለእሷ ወንፊት ነው፤ በፀረ ተባይ የተነከረ መሆን አለበት። በሱዳኗ ገዳሪፍ ከ1999 እስከ 2001 ድረስ ከ350 ሺህ በላይ የተነከረ አጎበር ታድሎ የታማሚው ቁጥር በሩብ ያህል እንደቀነሰ ተገምቷል። ከዚያ በላይ ያልሄደበት አንዱ ምክንያት ሰው አጎበሩን የሚዘረጋው ትንኝ በሚበዛበት ክረምት፣ ያውም ሊተኛ ሲል ስለነበረ ነው። ዝንቧ ግን የበጋ ናት፤ ከምሽት ጀምራ፣ ሰው ደጅ ተቀምጦ ሲጫወት ትወጣለች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2005 በሊቦ ከምከም ወረዳ የተነሣውን የካላዛር ወረርሽኝም በዚህ ዓይን እዩት። ወደ 2000 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ፣ ካላዛር የማይታወቅበት አገር ነበር፤ ሰው ሲያልቅ በመጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። በሽታውን ከሁመራ የተመለሱ ሠራተኞች ሳያመጡት አልቀረም። ዋልካው፣ ግራሩና ዝንቧ ግን እዚያው ነበሩ፤ በጥናትም ከቤት ውጭና ከግራር ሥር የሚያድሩት ይበልጥ ተይዘው ተገኙ።

ስለዚህ ጤና ጣቢያ የምትሠሩ፣ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው፣ ጣፊያው ያበጠ፣ ወባ የሌለበት ሰው ሲመጣባችሁ ጥያቄያችሁን ወደ ኋላ ውሰዱት። በሽታው ከንክሻው በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 6 ወር ተደብቆ ይቆያል። በጥቅምት የመጣውን ባለፈው ሳምንት የት ነበርክ አትበሉት፤ በግንቦት የት አደርክ፣ ከቤት ነው ከዛፍ ሥር፣ መሬቱስ ዋልካ ነበር ወይ በሉት።