የኦቾሎኒ አለርጂ ለምን በዛ?

ኦቾሎኒ ለብዙዎቻችን ከቆሎ ጋር የሚበላ ተራ ምግብ ነው። ለአንዳንድ ሕፃናት ግን ጥቂቱ እንኳ ለሕይወት አስጊ ይሆናል። በብሪታንያና በአሜሪካ ይህ ችግር ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ወዲህ በግልጽ ጨምሯል። የሰው ዘረ መል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ይህን ያህል አይለወጥም፤ ስለዚህ ምክንያቱን በአኗኗር ለውጥ ውስጥ መፈለግ ያስፈልጋል።

አለርጂ ምንድን ነው?

አለርጂ የሚከሰተው የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት ጉዳት የሌለውን ፕሮቲን እንደ ወራሪ ሲቆጥር ነው። በዚህን ጊዜ ሰውነት አይጂኢ የተባለ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል፤ ይህም ማስት ሴል በተባሉ ሕዋሳት ላይ ይጣበቃል። ፕሮቲኑ ዳግም ሲገባ ሕዋሳቱ ሂስታሚንና ሌሎች ኬሚካሎችን ይለቃሉ። ምላሹ ከባድ ከሆነ የአየር ቧንቧ ይጠባል፤ የደም ግፊትም ይወርዳል።

ንጽሕና ብቻ ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1989 ተመራማሪው ዴቪድ ስትራካን ታላላቅ ወንድሞችና እህቶች ያሏቸው ልጆች በአበባ ብናኝ አለርጂ እምብዛም እንደማይያዙ አመለከቱ። በሕፃንነት ከጀርሞች ጋር መገናኘት ከአለርጂ ይከላከላል የሚለው መላ ምት ከዚህ ተነሣ። ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን የምግብ አለርጂን አያብራራም።

እ.ኤ.አ. በ2008 ጊዲዮን ላክና ባልደረቦቻቸው በብሪታንያና በእስራኤል የሚኖሩ አይሁዳውያን ተማሪዎችን አነጻጸሩ። የኦቾሎኒ አለርጂ በብሪታንያ 1.85 በመቶ፣ በእስራኤል 0.17 በመቶ ሆኖ ተገኘ። የእስራኤል ሕፃናት ባምባ የተባለውን የኦቾሎኒ ምግብ ገና ዓመት ሳይሞላቸው ይበላሉ። በብሪታንያና በአሜሪካ ግን ለአለርጂ የተጋለጡ ሕፃናት እስከ 3 ዓመት ኦቾሎኒ እንዳይቀምሱ ይመከር ነበር።

ይሁንና ንጽጽር ብቻውን ምክንያትን አያረጋግጥም። ስለዚህ ተመራማሪዎቹ ከባድ የቆዳ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸውን 640 ሕፃናት በዕጣ በሁለት ቡድን ከፈሉ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ፦ 5 ዓመት ሲሞላቸው ከኦቾሎኒ ከተከለከሉት 17.2 በመቶው፣ ከተመገቡት ግን 3.2 በመቶው ብቻ አለርጂ ነበረባቸው።

ቆዳና አንጀት

ለዚህ የሚሰጠው ማብራሪያ የሚከተለው ነው። በቤት አቧራ ውስጥ ያለ የኦቾሎኒ ፕሮቲን በተጎዳ ቆዳ በኩል ሲገባ ሰውነት እንደ ጠላት ይመዘግበዋል። በአፍ ገብቶ አንጀት ሲደርስ ግን ሰውነት ይለምደዋል። ምግቡን መከልከል የአንጀቱን መንገድ ዘግቶ የቆዳውን ክፍት ይተወዋል።

በዚህ ምክንያት የአሜሪካ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2017 ተለውጦ ኦቾሎኒን ቀደም ብሎ ማስጀመርን መከረ። ከባድ ችፌ ያለበት ሕፃን ግን አስቀድሞ በሐኪም መታየት አለበት፤ ሙሉ ፍሬውም ስለሚያንቅ ለሕፃን አይሰጥም።