ጾም ያልከለከለው ጣፋጭ

የጾም ሥርዓታችን ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከቅቤና ከእንቁላል መከልከልን ያዝዛል፤ ስለ ስኳር ግን የሚናገረው ነገር የለም። ሥርዓቱ በተሠራበት ዘመን ስኳር በድኻ ቤት አይገኝም ነበርና፣ ባይናገር የሚያስደንቅ አይደለም። ዛሬ ግን ከወልድያ ተነሥቶ በሲሪንቃ በኩል እስከ መርሳና እስከ ውርጌሳ በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከሻይ ቤቶቹ በአንዱ ተቀምጦ ስኳር የሌለበት ሻይ የሚያዝዝ ሰው ቢገኝ፣ አሳላፊው «ታመው ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ልማዱ ይህን ያህል ጸንቷል።

አንድ ምእመን በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ታግሦ ቆይቶ፣ መጀመሪያ የሚያነሣው አራት ማንኪያ ስኳር የተጨመረበት ሻይ ወይም አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ቢሆን፣ ሥርዓት ተላለፈ ሊባል አይቻልም። ነገር ግን ፍትሐ ነገሥት በ15ኛው አንቀጽ ስለ ጾም ሲናገር፣ የሰዓቱንና የምግቡን ልክ ብቻ ወስኖ አያቆምም፤ ጾም ለኃጢአት ሥርየት፣ የፍትወትንም ኃይል አድክሞ ሥጋን ለነባቢት ነፍስ ለማስገዛት የተሠራ መሆኑን ጨምሮ ያስረዳል። እንግዲህ ከቅቤ የተከለከለው ፈቃደ ሥጋ ወደ ስኳር ሲዛወር ተገዛ ይባላልን ወይስ ቤት ለወጠ? እኔ ቤት ለወጠ እላለሁ። እንዲያውም ጾም በገባ ቁጥር የስኳሩ መጠን በብዙ ቤት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

ይህ ልማድ ከአባቶቻችን የወረስነው አይደለም። የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በሆላንዳውያን ኩባንያ ተቋቁሞ ሥራ የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ኋላም የሸዋ፣ የመተሐራና የፊንጫ ፋብሪካዎች ተከተሉት። ከዚያ በፊት በገጠሩ ቡና በጨው ይጠጣ ነበር፤ የጣፋጭ ነገርም አለቃው ማር ነበር። በላስታ የማር ክብር ምን ያህል እንደ ነበረ፣ የንጉሡ የቅዱስ ላሊበላ ስም ከንብና ከማር ጋር ተያይዞ መተረጎሙ ይመሰክራል። ሆኖም ማር የሚቆረጠው በወራቱ ስለ ሆነ፣ በየቀኑ ሦስት ጊዜ የሚጠጣው ሰው እምብዛም አልነበረም። ሰሎሞንም በምሳሌ 25 ማር ያገኘ ሰው የሚበቃውን ያህል ብቻ እንዲበላ ይመክራል፤ ከልክ ሲያልፍ ሆድ አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋልና። በስኳር የተበጠበጠ መጠጥ ግን ሆድን ሳያጠግብ ስለሚያልፍ፣ ያ የተፈጥሮ ወሰን አይሰማም።

ልኩን በቍጥር ማየት ይጠቅማል። 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ የለስላሳ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 30 ግራም ያህል ስኳር አለበት፤ ይህም በሻይ ማንኪያ ቢሰፈር ከ7 ማንኪያ ይበልጣል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ በምግብና በመጠጥ ውስጥ የሚጨመረው ስኳር ሰው በቀን ከሚያገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ ከ5 በመቶ በታች ቢሆን ደግሞ ይበልጥ እንደሚሻል ገልጿል። ይህ ሁለተኛው ልክ ለአዋቂ ሰው 25 ግራም ያህል ነው። ስለዚህ አንዲት ጠርሙስ ብቻዋን የቀኑን ልክ አልፋ ትሄዳለች ማለት ነው። ማርና የፍራፍሬ ጭማቂም በዚሁ መመሪያ ከስኳሩ ጋር ይቈጠራሉ፤ ስኳር ትቼ በማር እጠጣለሁ የሚል ሰው ይህን ይወቅ።

የስኳር ፍቅር እንደ ትንባሆ ያለ ሱስ ነው ወይስ አይደለም በሚለው ነገር ሐኪሞች ገና ይከራከራሉ። ለእኛ ግን ሐዋርያው ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 6 የሰጠው መለኪያ ይበቃል፤ ነገሩ የተፈቀደ ቢሆንም በእኔ ላይ ይሠለጥናልን ብሎ መጠየቅ ነው። ሻይ በዘገየ ጊዜ የሚቈጣ፣ ስኳር ከቤት ባለቀ ጊዜ ሥራ የማይያዝለት ሰው መልሱን ያውቀዋል። እስራኤልም በምድረ በዳ መና እየበሉ ያለቀሱት ለዱባውና ለሽንኩርቱ ነበር፤ ዱባና ሽንኩርት ርኩስ ሆነው አይደለም።

በዚህ ነገር የአገራችን ሰው ያለፈበት ፈተና አለ። ከነሐሴ 2013 ዓ.ም. እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ወልድያና አካባቢዋ በጦርነቱ መካከል በነበሩበት ጊዜ፣ መንገድ ተዘግቶ ስኳር ይቅርና የዕለት እህል እንኳ የቸገረው ብዙ ነበር። ያን ጊዜ ሰው ያለ ስኳር መኖር እንደሚቻል በግድ አየ። መንገዱ ሲከፈት ግን ልማዱ ከጭነቱ ጋር አብሮ ተመለሰ። ያጣ ሰው ተራበ እንጂ አልጾመም፤ ጾም እያለ መተውን ይፈልጋልና፣ ማጣት ብቻውን ልማድን አይነቅልም።

ስለዚህ መተው የሚፈልግ ሰው በፈቃዱ፣ በጥቂት በጥቂቱ ይጀምር። አራት ማንኪያ የለመደ ሰው ሁለት ሳምንት ሦስት፣ ቀጥሎም ሁለት ቢያደርግ ምላስ ትለምዳለች፤ በአንድ ቀን ሁሉን ጥሎ በሳምንቱ ከሚመለስ ይህ ይሻላል። በጾም ሰዓት ሲደርስ በባዶ ሆድ ጣፋጭ አያስቀድም፤ እንጀራውን በሽሮ ወይም በምስር፣ ካልሆነም የሽምብራ ቆሎ ይቅመስ፤ ከጠገበ በኋላ ሻዩን ሲያስበው ፍላጎቱ ግማሽ ሆኖ ያገኘዋል። የመርሳ ሰው ደግሞ ብርቱካንና ፓፓያ በደጁ ሳለ ወደ ጭማቂ ቤት ሄዶ ስኳር አስጨምሮ የሚጠጣበት ምክንያት አይታየኝም፤ ፍሬውን ራሱን ቢበላ ከነጭረቱ ስለሚያገኘው ቶሎ ይጠግባል።

በሰንበቴና በክርስትና ግብዣ ለስላሳ በሣጥን ማቅረብ የአክብሮት ምልክት ሆኗል። ካህናት አስቀድመው ውኃ ወይም ተልባ ቢጠይቁ ሕዝቡ ይከተላል፤ ባለቤቱም ከወጪ ይድናል። በየቤቱም ስኳሩን ከሻዩ ለይቶ ማቅረብ እንግዳን ማዋረድ አይደለም፤ እንግዳው የሚበቃውን ራሱ ይጨምር። ሕፃንን ከማልቀስ ለማስተው ከረሜላ መስጠት ግን ጥርሱን ከማበላሸቱም በላይ፣ ለኀዘን ሁሉ መድኃኒቱ ጣፋጭ ነው የሚል ትምህርት ያስተምረዋል።

የስኳር በሽታ የሚባለውን በዚህ ስም ምክንያት ሁሉም ከስኳር መብላት የመጣ ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። በልጅነቱ ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት ያቆመበት ሕመምተኛ ስለ ምግቡ የሚወቀስበት ነገር የለም፤ በጎልማሳነት የሚመጣውም ከምግብ ብዛትና ከውፍረት ጋር ከትውልድም ይያያዛል። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም የስኳር መድኃኒት የሚውጥ ምእመን ሐኪሙንና የንስሓ አባቱን ሳይጠይቅ እስከ 9 ሰዓት ልጹም ማለት አይገባውም፤ ሥርዓታችን ሕመምተኛን አያስገድድምና። እንዲህ ያለው ሰው በኪሱ ከረሜላ ይያዝ። በደሙ ያለው ስኳር ወርዶ እጁ ቢንቀጠቀጥ፣ ላብ ቢያጠምቀው፣ በጾም ሰዓትም ቢሆን ወዲያው ይብላ፤ የሚያየውም አይገሥጸው። ቅዳሴ ላይ ቢሆን ከሕዝቡ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ይውሰድ፤ ስለ ቁርባኑ ነገር ግን አስቀድሞ ከንስሓ አባቱ ጋር ይነጋገር።