ቀኑን የሚቆርጠው ሌላ ነው

ልጄ፣ «እግዚአብሔር የረሳኝ ይመስለኛል» ያልሽው ከአፍሽ ያመለጠ ቃል እንዳልሆነ ገብቶኛል። ሠላሳ ዓመት ሊሞላሽ ነው። እኩዮችሽ ተድረዋል፤ ሁለተኛ ልጅ ያቀፉም አሉ። ሥራውም እንደ ተማርሽው አልሆነም። ለቅሶ ቤት እንኳ ስትሄጂ «አንቺስ መቼ ነው?» የሚልሽ አይጠፋም። ከዚህ በታች የጻፍኩልሽ አንዱ ረዥም፣ አንዱ አጭር ነው። ቁጥር የሰጠሁት ስታነቢ እንዳይጠፋብሽ ብዬ ነው፤ ደረጃ ማውጣቴ አይደለም። ወንድሞችሽም ቢያነቡት አይጎዳቸውም።

1. ጥቅሱን ከነምዕራፉ ያዢው።

በየሳሎኑ ግድግዳ፣ በየታክሲው መስታወት፣ በየስልኩ ላይ የምናየው ኤርምያስ 29፥11 ነው፤ ስለ መልካም ሐሳብና ስለ ተስፋ የሚናገረው። ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ደብዳቤ ነው፤ ነቢዩ ከኢየሩሳሌም፣ ናቡከደነፆር ማርኮ ወደ ባቢሎን ለወሰዳቸው ሰዎች የላከው። አንድ ቁጥር ወደ ላይ ከፍ ብትዪ፣ ቁጥር 10 ላይ፣ ነገሩ የሚፈጸመው 70 ዓመት ሲሞላ እንደሆነ ታገኛለሽ። ያን ደብዳቤ የሰማ የ40 ዓመት ሰው አገሩን ሳያይ እንደሚሞት ወዲያው ገብቶታል። ደስ የሚለው ነገር የተነገረው ለእሱ ነው፤ የሚያዩት ግን የልጅ ልጆቹ ናቸው።

ጥቅሱን የሚለጥፉት ክፉ አላደረጉም፤ ግማሹን ብቻ ለጠፉ። መጽሐፉን አምናለሁ ካልሽ ቁጥር 10ንም ማመን አለብሽ።

2. ቀን ቆርጦ ከሚሰጥሽ ሰው ራቂ።

ከደብዳቤው በፊት ባለው ምዕራፍ ሐናንያ የሚባል የገባዖን ሰው አለ። በቤተ መቅደሱ፣ በካህናቱና በሕዝቡ ሁሉ ፊት ቆሞ የባቢሎን ቀንበር በ2 ዓመት ውስጥ ይሰበራል አለ። ኤርምያስ አንገቱ ላይ አድርጎት የነበረውን የእንጨት ቀንበርም ወስዶ ሰበረው። እንዴት ያለ ጭብጨባ የሚያስነሣ ትንቢት ነው! ኤርምያስ መጀመሪያ ምን እንዳለ ልብ በዪ፤ አሜን አለ። እሱም መከራው ቢያጥር የሚወድ ሰው ነበር። ሲወድ ግን ምኞቱን ከእግዚአብሔር ቃል ጋር አልቀላቀለም። ሐናንያ በዚያው ዓመት ሞተ፤ ምርኮኞቹም ባቢሎን ቀሩ።

የሐናንያ ዘር ዛሬም አልጠፋም። ኮንፈረንስ ላይ ስምሽን ጠርቶ «ይህ ወር ሳያልቅ» ይልሻል፤ ቀጥሎ የባንክ ሒሳብ ቁጥር ይነግርሻል። ወሩ አልፎ ምንም ሳይሆን ሲቀር «እምነትሽ አንሶ ነው» ብሎ ጥፋቱን ወደ አንቺ ያዞራል። ዘዳግም 18 መጨረሻው ላይ ግን ጥፋተኛው ተናጋሪው ነው፤ ሰሚው አይደለም። አትሳደቢ፣ አትከራከሪም። ብርሽን ይዘሽ ወደ ቤትሽ ግቢ።

3. ቃል የተገባልሽንና የተመኘሽውን ለይተሽ እወቂ።

አብርሃም ልጅ እንደሚወልድ ተነግሮታል። ዲቪ እንደሚደርስሽ ወይም እገሌ እንደሚያገባሽ የሚናገር ምዕራፍ ግን የለም። መመኘት ኃጢአት አይደለም፤ ለምኚው። ሳይሆን ሲቀር ግን «ቃሉን አጠፈ» አትበዪ፤ ያልገባውን ቃል አያጥፍም። ቃል የገባልሽ እንደማይተውሽ፣ ኃጢአትሽን ይቅር እንደሚል፣ ሙታንንም እንደሚያስነሣ ነው። እነዚህን ይዘሽ ብትሞግቺው መብትሽ ነው።

4. ዓመቶቹን ቁጠሪ።

የአብርሃምን ታሪክ ቁጭ ብሎ ያነበበ ሰው በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል። የሚያስቸኩለን ይኸው ይመስለኛል። እስቲ እርሳስ ያዢና ዕድሜው በተጻፈበት ሁሉ አስምሪበት። ከካራን ሲወጣ 75፤ እስማኤል ሲወለድ 86፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100። ይህን ሰባኪዎች ይነግሩሻል። እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ምዕራፍ 16 በ86 ዓመቱ ተዘግቶ፣ ምዕራፍ 17 በ99 ዓመቱ መከፈቱ ነው። በመካከላቸው ምንም የለም፤ ራእይ የለም፣ እንግዳ የለም፣ አንድ የተጻፈ ቃል እንኳ የለም። 13 ዓመት ገጹ ላይ ከአንዲት ባዶ መስመር አይበልጥም። እሱ ግን እያንዳንዷን ቀን አንግቶ አምሽቶ ኖሯታል። አንቺም አሁን ያለሽው እዚያች ባዶ መስመር ላይ ሊሆን ይችላል።

ስለ አጋርም ላንሣ፣ ስብከት ላይ ስለምትዘለል። ከነዓን በገቡ በ10 ዓመት የሣራ ትዕግሥት አለቀና ግብፃዊት ገረዷን አጋርን ለባልዋ ሰጠች። ጥድፊያው የባልና የሚስቱ ነው፤ ዋጋውን የከፈለችው ግን አጋር ናት። መጀመሪያ ነፍሰ ጡር ሆና ወደ በረሃ ሸሸች። በኋላም እንጀራና አንድ አቁማዳ ውሃ ተሸክማ፣ ልጇን ይዛ፣ በቤርሳቤህ ምድረ በዳ ተንከራተተች። እግዚአብሔር አየላት፣ ሰማትም፤ ያ የእሱ ምሕረት ነው፣ የሣራን ችኮላ አያጸድቅም። እንግዲህ የዘመድ ጭቅጭቅ ሰልችቶሽ «ይሁን በቃ» ልትዪ ስትቃረቢ፣ ጠባሳው በማን ላይ እንደሚቀር አስቢ። በወሬ ግፊት የተገባ ጋብቻ ሲፈርስ የሚጎዱት አብዛኛውን ጊዜ በውሳኔው ያልነበሩት ልጆች ናቸው።

5. የተከፈተ በር ሁሉ የእግዚአብሔር ነው አትበዪ።

ዳዊት በዓይንጋዲ ዋሻ ተሸሽጎ ሳለ የሚያሳድደው ንጉሥ ሳኦል ብቻውን ገባለት። የዳዊት ሰዎች ተስፋ የተሰጠህ ቀን ይኸውልህ አሉት፤ ትርጓሜያቸው መንፈሳዊ ነበር፣ አጋጣሚውም የተመቻቸ። ዳዊት የሳኦልን ልብስ ጫፍ ብቻ ቆረጠ፤ ለዚያም እንኳ ኅሊናው ወቀሰው። ዙፋኑ የእሱ እንደሆነ ያውቃል፤ በግድያ ሊቀመጥበት ግን አልፈቀደም። የነገሠው በ30 ዓመቱ ነው፤ ያውም መጀመሪያ በኬብሮን ብቻ።

ደላላ «በሁለት ሳምንት ዓረብ አገር አስገባሻለሁ» ሲልሽ «ጌታ በር ከፈተልኝ» ብለሽ ምስክርነት ለመስጠት አትቸኩዪ። ኤጀንሲው ሕጋዊ ፈቃድ እንዳለው፣ ውሉ በእጅሽ እንደሚገባ አጣሪ። ማጣራት እምነት ማጉደል አይደለም።

6. እጅሽን አጣጥፈሽ አትጠብቂ።

ያው የኤርምያስ ደብዳቤ ለምርኮኞቹ ምን እንዲያደርጉ ይነግራቸዋል፤ ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለምትኖሩባትም ከተማ ጸልዩ ነው ነገሩ። ሻንጣ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ በውስጡ የለም። አንቺም ትምህርትሽን ቀጥዪ፣ እቁብሽን ጣዪ፣ የሰፈርሽን ዕድር አትናቂ።

ስለ ሕመምም እንዲሁ። ንጉሥ ሕዝቅያስ ታሞ ሳለ እንደሚድንና 15 ዓመት እንደሚጨመርለት ተነገረው፤ ያን ቃል ያመጣው ኢሳይያስ ራሱ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲያደርጉ አዘዘ። ተስፋውም መድኃኒቱም ከአንድ ሰው አፍ ነው የወጡት። ስለዚህ እንክብልሽን ጣዪ የሚልሽ ማንም ቢሆን፣ ቆብ ያደረገም ይሁን ማይክሮፎን የያዘ፣ አትስሚው።

7. ስታማርሪ ወደ እሱ አማርሪ።

መዝሙር 13 ሲጀምር ዳዊት «እስከ መቼ» የሚለውን ጥያቄ አራት ጊዜ ይደጋግመዋል። መዝሙር 88 ደግሞ እስከ መጨረሻው ጨለማ ነው። እነዚህ የገቡት በጸሎት መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ እንግዲህ ተፈቅዶልሻል።

8. ብቻሽን አትጠብቂ።

በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን ለዓመታት አሰረ። አባላቷ ያኔ 5,000 ያህል ነበሩ። በዚያ ዘመን ከሌሎች አብያተ ክርስቲያናትም ብዙዎቹ ተዘግተዋል። ሰዉ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ በየቤቱ፣ በትንንሽ ቡድን ገባ። በየቤታቸው ከተቀበሉትና ካስተማሩት ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ወድቆ በግልጽ መሰብሰብ ሲጀምሩ ቁጥራቸው ወደ 34,000 ደርሶ ነበር። በመካከሉ «ስንት ዓመት ይቆይ ይሆን?» ተብሎ ቢጠየቅ መልስ የነበረው ማንም የለም። ይታወቅ የነበረው የሚቀጥለው ጥናት በማን ቤት እንደሆነ ብቻ ነው።

ቁጥሩን ብቻ ነግሬሽ ባቆም ግን አሳስትሻለሁ። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ከአገር የሚወጡበት ዕድል ቀርቦላቸው አልሄድም አሉ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው ተወስደው ተገደሉ፤ አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ 10 ዓመት ያህል ታሰሩ። ዕብራውያን 11ም ያን ሁሉ ስም ከዘረዘረ በኋላ፣ ተስፋው ሳይደርሳቸው መሞታቸውን አይደብቅም። ስለዚህ «ከታገሥሽ ሁሉን ታገኚዋለሽ» ብዬ አልዋሽሽም። አንዳንዱን በዚህ ዓለም አታገኚውም። ትንሣኤ የለም የሚል ሰው እንዲህ ያለውን መጠበቅ ሞኝነት ቢለው አልፈርድበትም፤ እኔ ግን አለ ከሚሉት ነኝ።

9. በእጅሽ ያለውን መጽሐፍ አክብሪው።

መጽሐፍ ቅዱስን ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉውን ወደ አማርኛ የመለሰው አቡ ሩሚ የሚባል የጎጃም ሰው ነው። ካይሮ ላይ፣ አስለን ደ ሼርቪል ከተባለ የፈረንሳይ ቆንስላ ባለሥልጣን ጋር፣ በሳምንት ሁለት ቀን እየተቀመጡ 10 ዓመት ያህል ፈጀባቸው። የእጅ ጽሑፉ 9,539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ካይሮ ውስጥ በወረርሽኝ ሞተ፤ አራቱ ወንጌላት በ1824፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1840 እ.ኤ.አ. ታተመ። አንዲትም የታተመች ገጽ አላየም። ከዚያ ወዲህ ትርጉሙ ታርሟል፣ እንደ አዲስም ተተርጉሟል፤ አንቺ ስልክሽ ላይ በነጻ ታነቢዋለሽ፣ ያውም ጥቅስ ብቻ እየለቀምሽ።

10. ለዚህ ሳምንት የማዝሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። ትንቢተ ዕንባቆምን አንብቢ፤ ሦስት ምዕራፍ ናት፣ ከግማሽ ሰዓት አታልፍም። አንዴ ለራስሽ፣ አንዴ ደግሞ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢያት። ሰውየው እግዚአብሔርን በምን እንደ ከሰሰ፣ ምን እንደ ተመለሰለት፣ በመጨረሻም ምንም ሳይለወጥለት ምን እንዳለ በወረቀት ጻፊልኝ። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት ነኝ፤ ወረቀቱን ይዘሽ ነይ።