የሳተላይት ምስል ከአፋር እስከ ሲሬ፦ የመሬት መንቀጥቀጥ ሥጋትና ጉዳት ግምገማ

በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ ቅልጥ ዐለት 60 ኪሎ ሜትር ያህል በሚረዝም ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ መሬቱን በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር ሲያራርቅ፣ የክስተቱን ስፋት ለማወቅ ያስቻለው በዋናነት ኤንቪሳት የተባለው የአውሮፓ ሳተላይት ራዳር ነበር። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ለወራት የዘለቀው መንቀጥቀጥም በሴንቲኔል-1 ምስሎች ተጠንቷል። ይሁን እንጂ ዘዴው እንዳለ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ወለጋዋ ሲሬ ሊወሰድ አይችልም።

የራዳር ኢንተርፌሮሜትሪ ሳተላይቱ በተለያየ ጊዜ ከአንድ ቦታ ላይ ያነሣቸውን ሁለት ምስሎች በማነጻጸር መሬቱ ወደ ሳተላይቱ የቀረበበትን ወይም የራቀበትን መጠን ይለካል። የሴንቲኔል-1 ሞገድ 5.6 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በካርታው ላይ የሚታይ አንድ የቀለም ቀለበት የ2.8 ሴንቲ ሜትር እንቅስቃሴን ያመለክታል። ለዚህም ሞገዱን የሚመልሰው የመሬት ገጽ በሁለቱ ጊዜያት መካከል ብዙ ሳይለወጥ መቆየት አለበት። የአፋር ራቁት ዐለት ይህን ያሟላል። በሲሬ ግን ማሳው ይታረሳል፣ በቆሎው ያድጋል፣ ይታጨዳል፤ የክረምቱ እርጥበትም ሞገዱን ያዘገያል። ስለዚህ ቀለበት ያልታየበት የወለጋ ካርታ መሬቱ ላለመንቀሳቀሱ ማስረጃ ተደርጎ መቅረብ የለበትም። በሐምሌ 2017 ዓ.ም. የመጠቀው ኒሳር 24 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሞገድ ስለሚጠቀም ቅጠልን ዘልቆ የማየት አቅሙ የተሻለ ነው።

ሲሬ ከስምጥ ሸለቆው ውጭ በመሆኗ ሥጋቷ ከአዋሽ ፈንታሌ ጋር አይወዳደርም። ሆኖም ከየረር እስከ ቱሉ ወለል የሚዘረጋው የእሳተ ገሞራና የስብራት መስመር የምዕራቡን አምባ ያቋርጣል፤ የአምቦ ስብራትና ወንጪም የዚሁ አካል ናቸው። በ30 ሜትር የከፍታ መረጃ ቀጥ ያሉ መስመሮችንና ሊናዱ የሚችሉ ተዳፋቶችን መለየት ይቻላል። ቀጥ ያለ መስመር ሁሉ ግን ስብራት አይደለም፤ የሁለት ዐለቶች ወሰንም ሊሆን ስለሚችል በእግር ሄዶ ማረጋገጥ ግድ ነው።

ጉዳትን መገምገም ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። በወለጋ ከተሞች ብዙው ቤት በእንጨትና በጭቃ ተሠርቶ ቆርቆሮ የለበሰ ነው፤ ግድግዳው ተሰንጥቆ ጣሪያው በቦታው ሊቆይ ይችላል። ከላይ የሚያይ ሳተላይት እንዲህ ያለውን ቤት ደኅና ብሎ ይመዘግባል። በጣሪያ ብቻ የተሠራ የጉዳት ካርታ እርዳታን ከሚያስፈልገው ሰው ሊያርቅ ስለሚችል፣ የቀበሌ ባለሙያዎች የቤቶችን የግድግዳ ዓይነትና ይዞታ ከነመገኛ ነጥቡ አስቀድመው ቢመዘግቡ፣ ከአደጋ በኋላ ምስሉ የሚነጻጸርበት መነሻ ይኖራል።